ከእግሩ ሥር የነበረው ስም

ቶሚናጋ ወደ ሱቁ ሰው ሲገባ ፊት አያይም። መጀመሪያ የሚያየው እጅ ነው፤ ምን ይዞ መጣ? ናካኖ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት የተዘጉ ሱቆች መሀል ተቀምጦ፣ ያረጁ የሕዋ ጀግኖችና የሮቦት አሻንጉሊቶችን እየገመተ ሲገዛና ሲሸጥ ፀጉሩ ሸብቷል። ደንበኞቹም የሱን ፊት አያዩም፤ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ነው። እንዲህ እያለ ሰውዬው ከሰው ጋር እየዋለ ሰው ሳያገኝ ስልሳ ሊደፍን ነው። አላገባም፣ አልወለደም። ማታ ከጣቢያው ሥር የታሸገ ሩዝና ዓሣ ይገዛል፤ ሻጯ «ላሙቅልዎ?» ስትለው «አዎ» ይላል። አንዳንድ ቀን ከአፉ የሚወጣው ቃል እሱ ብቻ ነው።

በንግዱ ግን ስሙ የተከበረ ነው፣ ትንሽም የተፈራ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ካርቶን ያንጠለጥልና ጉድለቱን አንድ ሳያስቀር ይጽፍበታል። አፍንጫው ተፍቋል። ግራ ጎኑን ፀሐይ መትቶታል። ቀኝ ክንዱ ላልቷል። ሌሎቹ ነጋዴዎች፣ ቶሚናጋ አራስ ቤት ቢገባ ሕፃኑ ላይ ካርቶን ሳያንጠለጥል አይወጣም እያሉ ያሙታል። እሱ ቅር አይለውም። ጉድለት የሚደብቅ ነጋዴ ሌባ ነው ባይ ነው።

ወይዘሮ ኦባታ የመጡት ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ሐሙስ ሕንፃው ጭር ይላል። ሰማንያ ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። በር ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጊዜውን ስለወሰዱበት ይቅርታ ጠየቁ። ገና ምንም አልወሰዱበትም።

ፎጣው ሲገለጥ የቶሚናጋ ልብ ድንግጥ አለ። ጋይረም ነው፤ ልጅ እያለ በቴሌቪዥን ሲያየው ያደገው፣ ከከዋክብት ማዶ መጥቶ ምድርን የሚጠብቅ ባለ አንድ ዓይን ዘበኛ። ያውም መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊው አሻንጉሊት።

ነጭ ጓንቱን አጠለቀ። ቀለሙን በመብራት አግድም አየው፤ እንደገና የተቀባ ቢሆን ያብለጨልጭ ነበር፣ አላብለጨለጨም። ትከሻውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ክንዱን ነቀለና ውስጡን ተመለከተ። አስመስለው የሚሠሩት ውስጡ ነጭ ነው፤ የዚህ ግን ውስጡም ሰማያዊ ነው። አሸተተው። ያረጀ ለስላሳ ፕላስቲክ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፣ እሱን አስመስሎ የሠራ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመውም። አንቴናው አልተሰበረም፣ ቀበቶው አልተፋቀም። ከዚያ ገልብጦ እግሩን አየ። ግራ እግሩ ሥር በጥቁር ቀለም «ሳቶሩ» ተብሎ ተጽፏል። የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ፊቷን ወደ ኋላ አዙራለች።

«ስም አለበት» አለ ቶሚናጋ። በዚህ ንግድ ከዚህ የከፋ ቃል ጥቂት ነው። ያን ጊዜ የልጅ ዕቃ ሁሉ፣ ከጫማው እስከ እርሳሱ፣ ስም ይጻፍበት ነበር፤ ሰብሳቢ ደግሞ የሰው ልጅ ስም መደርደሪያው ላይ አይፈልግም። ዋጋው በግማሽ እንደሚወርድ ነገራቸው።

«ይቅርታ» አሉ ወይዘሮ ኦባታ ጎንበስ ብለው። «የልጄ ነው። ስም ተጽፎበት አስቸገርኩዎት።»

ሊሸጡት አልመጡም። በሳቸው ዕድሜ እንደሚደረገው፣ ለማንም ሸክም ላለመሆን ጓዳቸውን በቁማቸው እያራገፉ ነው። ልብሱም ሳህኑም ተሰጥቶ አልቋል፤ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ቤቱን የሚረከበው የባላቸው ወንድም ልጅ ደግ ሰው ነው አሉ፣ ግን ያረጀ ነገር ሲያይ የቆሻሻ ከረጢት ነው የሚያነሳው።

«ውድ መሆኑን በእርስዎ እጅ ተጽፎ ካየ አይጥለውም» አሉት። «እኔ ከሌለሁ በኋላ የሚጠብቀው ዋጋው ብቻ ነው።»

ግምቱ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ቶሚናጋ ግን ሴትዮዋ ሲያወሩ ፊቱን እንደሚያዩት አስተውሎ ነበርና፣ ከድሮ መጽሔቶች ጋር ማመሳከር ስላለበት ዕቃውን ትተውለት በሚቀጥለው ሐሙስ ቢመለሱ የተሻለ እንደሆነ ተናገረ። ማመሳከር የሚባል ነገር አልነበረም። ለሰው ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ያን ቀን እስከ ማታ ቀልቶ ዋለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ይዘው መጡ። እሱም የገብስ ሻይ አፍልቶ ጠበቃቸው፤ ሱቁ ውስጥ አንድ ስኒ ብቻ ስለነበር ሁለተኛ ገዝቷል። ማመሳከሩ አላለቀም አላቸው። በሌላውም ሐሙስ አላለቀም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደረጃው ብዛት፣ ስለ እሱ መክሳት ያወራሉ። እራቱ ምን እንደሆነ የነገራቸው ዕለት ደነገጡ።

«ሁልጊዜ የታሸገ? እንዲህ ከሆነማ አቶ ቶሚናጋ፣ አንድ ቀን ክንድዎን ነቅዬ ባይ ውስጥዎም ፕላስቲክ ነው።»

ቶሚናጋ ሳቀ። የገዛ ሳቁን ሲሰማ ራሱ ተገረመ፤ ስንት ጊዜው ነው። ሴትዮዋ እያወሩ ጋይረምን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በአውራ ጣታቸው ግራ እግሩን ከሥር ይዳብሳሉ። ስለ ልጃቸው ግን ምንም አላሉም፣ እሱም አልጠየቀም። ሰው ያላነሳውን ነገር መጠየቅ ነውር ነው። ሲገምት ተሳስቶ የማያውቀው ቶሚናጋ ይሄንንም በልቡ ገመተ፤ ልጁ እንደ ብዙዎቹ ሩቅ ከተማ ገብቶ እናቱን የረሳ ነው አለና ያላየውን ሰው ተቀየመው።

ከዚያ ስጦታ ሊሰጣቸው አሰበ። ስሙን ሊያጠፋላቸው። ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ የወንድም ልጅ ተብዬውም በክብር ያስቀምጠዋል። አስቀድሞ ቢነግራቸው «አይቸገሩ» ብለው ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ሳይነግራቸው መሆን አለበት።

ለዚህ ሥራ ከብጉር ቅባት የሚሻል ነገር የለም። ፋርማሲ ሄዶ ሲጠይቅ እዚያ የምትሸጠው ልጅ የተሸበሸበ ጉንጩን አየች።

«ለልጅዎ ነው?» አለችው።

ጥቂት አሰበና «አዎ» አላት።

ጽሑፉ ላይ ቅባቱን ለቀለቀ፣ በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፈነና ጋይረምን እግሩን ወደ ላይ አድርጎ በረንዳው ላይ ከካልሲዎቹ ጋር ፀሐይ ላይ አሰጣው። ቀለሙ በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። መጨረሻ የቀረችው ያቺ ፊቷን ያዞረችው ፊደል ነበረች፤ እሷን ለማጥፋት ሁለተኛ ቅባት መግዛት አስፈልጎታል። ሲጨርስ እግሩ ገና ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። ቶሚናጋ በሥራው ኮራ፣ ካርቶኑ ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ «ጉድለት የለውም» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ መጡ። ሻዩ ተቀዳ። ወይዘሮ ኦባታ ካርቶኑን አንብበው ፈገግ አሉና እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ወደ እግሩ ሰደዱ። ጣታቸው ቆመ። ገልብጠው አዩት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው እንደገና አዩት።

ቶሚናጋ ደስታ አፉን እያደናቀፈው ስለ ቅባቱ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ አዲሱ ዋጋ ተናገረ። አላቋረጡትም። ሲጨርስ ተነስተው በጥልቅ ጎንበስ አሉና ለድካሙ አመሰገኑት።

«ሰባት ዓመቱ ነበር» አሉ ሲቀመጡ። «ሆስፒታል ተኝቶ ነው የጻፈው። ከአጠገቡ የተኛው ልጅ እንዳይወስድበት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጻፈም።»

ቶሚናጋ ክው አለ። ከወንበሩ ወርዶ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። የዚያን ልጅ የእጅ ጽሑፍ በፀሐይና በብጉር ቅባት ጠርጎ ያጠፋው እሱ ነው።

«ይነሱ እባክዎ» አሉት። «ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ። ደግ አስበው ነው ያደረጉት።»

ጋይረምን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ ሲያቀርብላቸው በቀስታ መልሰው ገፉለት።

«አሁን የማንም ሊሆን ይችላል» አሉ። «ለሚወደው ሰው ይስጡልኝ።»

ፎጣውን ብቻ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በር ላይ ኮፍያቸውን አደረጉ። ደረጃውን ሲወርዱ የእርምጃቸው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቶሚናጋ ቆሞ አዳመጠ። አድራሻቸውን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ያላነሱትን አይጠይቅማ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም፣ ከዚያ በኋላም አልመጡም። እሱ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሁለቱንም ስኒ እያጠበ ጠበቀ።

በጋው ሲያልቅ አንድ የቆየ ደንበኛ ጋይረምን ከመስታወቱ ጀርባ አይቶ ትንፋሹ ተቆረጠ። እንዲወጣለት ለመነ፣ አገላበጠው፣ አሸተተው። ከዚያ የተንጠለጠለውን ካርቶን አነበበ። በቶሚናጋ ጥንቁቅ እጅ እንዲህ ይላል፤ ጉድለት፦ እግሩ ሥር የነበረው ስም ጠፍቷል።

ደንበኛው ሳቀ። «አቶ ቶሚናጋ፣ ይሄማ ጉድለት አይደለም፣ ዕድል ነው እንጂ።»

«ጉድለት ነው» አለ ቶሚናጋ። «ከዚህ የባሰ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሱቄ ውስጥ የለም።»

«የማን ስም ነበር?» አለ ደንበኛው፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ዓይኑን ከአሻንጉሊቱ ሳይነቅል።

ቀላል ጥያቄ ነበር። እሱ ያን ሁሉ ሐሙስ ሊጠይቀው ያልቻለው ይሄንኑ ነው።

«የሳቶሩ። ሰባት ዓመቱ ነበር። ሌላ ልጅ እንዳይወስድበት ነው የጻፈው። እኔ አጠፋሁት።»

ደንበኛው ቀና አለና የቶሚናጋን ፊት አየ። በስንት ዓመት መመላለስ ፊቱን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ጋይረምን በሁለት እጁ መለሰለት፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ቶሚናጋ አሻንጉሊቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠና አውራ ጣቱን ወደ ግራ እግሩ ሰደደ። ምንም አልነበረም፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ። ሐሙስ ነበር፣ ሻዩም በሁለቱ ስኒዎች ቀዝቅዟል።