የዝምድና ዓምድ

መዝጋቢዋ የኃላፊዎቹን ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ እጇ መሐል ላይ ቆመ። የባሏ ስም ነው፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

«ሌላ ሰው ይሆናላ!» አለች ብቻዋን። ከዚያ የስልክ ቁጥሩን አየችና ክው አለች።

ደንቡ ከወጣ ገና ወሩ ነው። የከተማውን ኃላፊዎች ለማግባባት የሚመጣ ሁሉ፣ ቢሮም ይምጣ ቤት፣ ይመዘገባል። ኃላፊው ማን ስለ ምን እንዳነጋገረው በቅጽ ይሞላል፤ ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ደጅ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል። ቅጹን ያዘጋጀችው እሷ ናት። በነገሩ ሙጭጭ ስላለች ባልደረቦቿ «እሜቴ ደንብ» ይሏታል። ባለፈው ዓርብ የቢሮው ጸሐፊ የገዛ ወንድሟ ስም እንዳይለጠፍ አልቅሳ ብትለምናት «ደንብ ደንብ ነው» ብላ ነበር የመለሰቻት።

ዛሬ፣ በዚህ ዓርብ፣ በባሏ ስም ትይዩ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥቷል። የልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ፈርሶ ቦታው ለሕንፃ ተቋራጩ እንዲሰጥ።»

ከመደዳው ሦስተኛዋ ሱቅ የታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ መዝጋቢዋን ያሳደገቻት በዚያች ሱቅ ባለችው የስፌት መኪና ነው። ትናንት ራት ላይ እህትየዋ ይፈርሳል የሚለውን ወሬ ሰምታ ስትጨነቅ፣ የመዝጋቢዋ ባል ውሃ እየቀዳላት «አይዞሽ እትዬ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?» ብሏት ነበር። ይህ ትዝ አላት። ሰው እንዴት እንዲህ ይችላል?

ቅጹን ይዛ ደረጃውን ሮጣ ወጣችና የሞሉትን የመሬት ይዞታ ኃላፊ በር ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይሄ እውነት ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የምታውቂ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ።»

«እኔ? ከየት አውቄ?»

«የመጀመሪያ ቀን መለስኩት። ሁለተኛ ሲመጣ ‹የላከችኝ ባለቤቴ ናት› አለኝ። እኔም አመንኩት።»

መዝጋቢዋ ወንበሩን ተደገፈች። በስሟ ነግዶባታል! ዓይኗ ቅጹ መጨረሻ ላይ፣ «ከሠራተኛ ጋር ያለው ዝምድና» የሚለው ዓምድ ላይ አረፈ።

«ይህን ባዶ ትተውታል።»

«እሱን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።»

ኮሪደር ላይ ቆማ ለባሏ ደወለች።

«ለተቋራጩ ነው እንዴ የምትላላከው?»

ሊስቅ ሞከረ። «አንቺ ደግሞ! ሰው ከሰው ጋር ቢያወራ ምን አለበት? ለእህትሽም ሌላ ቦታ እለምንላት ነበር፤ በኋላ።»

«በእኔ ስም?»

«ስሚ፣ እቺን አንዲት መስመር ዝለያት። ማን ያውቃል? የገዛ ቤትሽን ሰሌዳ ላይ ልትለጥፊ ነው?»

ስልኩን ዘጋችው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የጸሐፊዋን ወንድም ስትለጥፍ እንዲህ አላመነታችም ነበር፤ ይህን ስታስብ በራሷም አፈረች።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል መስመሩን ጽፋ ጨረሰች። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ የመጨረሻው ዓምድ አሁንም ባዶ ነበር። እስክሪብቶ አነሳችና «የመዝጋቢዋ ባል» ብላ ሞላችበት። ከዚያ ሙጫውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።