ብሎክ የተደረገው ባል

ሱዓድ ኮምቦልቻ ከምትሠራበት ክር ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ አባቷ መሕሙድ ከደሴ ደወሉላት።

«ዛሬ የእህትሽ ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎቹ የስልኩን ነገር የሚያስረዳን ሰው አምጡ ብለዋል። ነይልኝ ልጄ።»

እሷ የፈለገችው መተኛት ብቻ ነበር። ግን ሚኒባስ ተሳፈረች፤ የሐረጎን ዳገት ጭንቅላቷ ከመስኮቱ ጋር እየተጋጨ አንቀላፍታ ወጣችው። ደሴ ስትደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ።

የተጣሉት ታናሽ እህቷ ሙናና ባሏ ሁዘይፋ ናቸው። ሁዘይፋ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለሚሠራ ደሴ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ሲጽፍላት አልደርስ አለው። ሲደውልላት «ኢንተርኔት እምቢ ብሎኝ ነው» ትለዋለች። ቅዳሜ መጥቶ «ውሸት! ብሎክ አድርገሽኛል» አላት። በዚያው ተጣሉና ሙና አባቷ ቤት ገባች።

አሁን ሁለቱም መሕሙድ ቤት ውስጥ ጥግና ጥግ ይዘዋል። ሽማግሌዎቹ ሸህ ሚስባህና ጎረቤታቸው አቶ ቀለሙ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለእኛ ስልክ ማለት ሃሎ ነው» አሉ ሸህ ሚስባህ። «ይሄ ብሎክ የሚሉት ምንድን ነው ልጄ?»

ሱዓድ ዓይኗን አሸች። «በር እንደ መዝጋት ነው ሸህዬ። የተዘጋበት ሰው ቢጽፍ አይደርስለትም። የዘጋበትን ሰው ፎቶም አያይም።»

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ?»

ሙና ቀና ብላ አየቻት። ሱዓድ ገባት። «ያው ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የምትለውን ለመፈልሰፍ እንኳ አቅም አጣች።

«ያኔም መልእክቱ አይደርስም። ፎቶው ግን አይጠፋም።»

ሁዘይፋ ስልኩን ዘረጋላቸው። የሙና ፎቶ የነበረበት ክብ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ቀርታለች።

«ወላሂ ብያችሁ ነበር!» አለ።

ሙና እንባዋ መጣ። «አዎ፣ ዘግቼበታለሁ! ግን ከመዝጋቴ በፊት ምን ይጽፍልኝ እንደነበር ጠይቁት!»

አቶ ቀለሙ ስልኩን ከሁዘይፋ ተቀብለው ለሱዓድ ሰጧት። «አንብቢልን።»

«‹ኦንላይን ነሽ፤ ከማን ጋር ነሽ?› ... ‹አሁን ነበርሽ፤ የት ገባሽ?› ... ‹ሲን አድርገሽ ዝም አልሽኝ አይደል?›» አነበበች፣ አነበበች፤ አያልቅም።

«ኦንላይን ምንድን ነው?» አሉ አቶ ቀለሙ።

«ቴሌግራሙን ከፍታዋለች ማለት ነው አባባ።»

«ከማን ጋር እንደምታወራ ያሳያል?»

«አያሳይም። የእኔን መልእክት ብታነብም ኦንላይን ነው የሚለው።»

«ሲንስ?»

«የተጻፈላትን አይታዋለች ማለት ነው። ቢያየውም ሰው እጁ ሥራ ላይ ከሆነ ወዲያው አይመልስም።»

ሸህ ሚስባህ ወደ ሁዘይፋ ዞሩ። «እንግዲያ ኮምቦልቻ ሆነህ በቀዳዳ ስታያት ነው የምትውል።»

«ትናፍቀኛለች ሸህዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እዚያ ቀኑን ሙሉ ኮንቴይነር ነው የማየው። ኦንላይን ስትሆን አጠገቤ ያለች ይመስለኛል። ካልመለሰችልኝ ግን ልቤ ክፉ ክፉውን ያስባል።»

ሙና ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ይህን ነግሯት አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ሙና ስለ ውሸቷ አፉ በለኝ ትበል፤ የዘጋችውንም ትክፈት። ሁዘይፋም መቆጣጠሩን ይተው፤ ሲመሽ ደውሎ ደህንነቷን ይጠይቅ። ሁለቱም አፉ ተባባሉ፤ ሸህ ሚስባህ ዱዓ አደረጉ።

ሱዓድ ስትወጣ ሙና በሩ ላይ ያዘቻት።

«አንዲት ውሸት እንኳ አትዋሺልኝም?»

«ደክሞኝ ነበር» አለች ሱዓድ።

እውነቷን ነው። እንቅልፍ ጠግባ ቢሆን ኖሮ እንደምትዋሽላት ታውቃለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁዘይፋ መጥቶ ሚስቱን ወሰደ። አሁን ሲመሽ ይደውላል፤ አንዳንዴ የሚያወሩት ቢያጡም ስልኩን ቶሎ አይዘጉትም። ይህን ሁሉ ሱዓድ የሰማችው ከአባቷ ነው። ሙና ለብዙ ጊዜ አልደወለችላትም። ሱዓድም አልደወለችም፤ ሌላ ነገር የማስረዳት ጉልበት አልነበራትም።