አንድም ሰው ያልመታው ኳስ

በከተማችን ስለዚያ እሁድ የሚያወሩ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። «ፍጹም ጨዋታ!» ይላሉ፤ ሃያ ሰባት የቤዝቦል መቺ ዱላውን ይዞ ተራ በተራ ቀርቦ አንዱም ሮጦ የመጀመሪያውን ማረፊያ፣ ቤዙን፣ ያልረገጠበት። የወርዋሪውን የዌንደል ሁክስትራን ኳስ ስይዝ የዋልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ እነሱ ዝም ይበሉና እኔ ልናገር።

ዌንደል የአባቱን የወተት ላሞች ትቶ ፋብሪካ ከገባ ጀምሮ አባትየው ኦርቪል አንድ ቃል ተናግሮት አያውቅም። በዚያ እሁድ ግን ሽማግሌው መጣ። ከዘጠኙ ዙር በሰባተኛው ላይ ከመቀመጫችን ጀርባ ያለውን የሽቦ አጥር ይዞ ቆመ።

መጥፎ ሰዓት ነበር። ወርዋሪ አንድም ሰው ሳያሳልፍ እዚያ ከደረሰ ማንም አያናግረውም፤ ቃል ከወጣ ዕድሉ ይሰበራል ይባላል። ዌንደል ለብቻው ተቀምጧል፤ እኛ ደግሞ ተላላፊ በሽታ የያዘው ይመስል ሸሽተነዋል።

«ኦርቪል፣» አለ አሰልጣኛችን ክላይድ በሹክሹክታ፣ «ትንፍሽ ትልና በዚህ ዱላ ነው የምልህ!»

«ቤዝቦል ልታስተምረኝ? አንተ ኳስ ሲመጣ ዓይንህን ስትጨፍን እኔ እኮ እወረውር ነበር።»

ዌንደል ድምፁን ሰምቶ ዞረ። «አባባ?»

«ፊትህን አዙር! ማንም የለም!» አለ ክላይድ።

«ተዋቸው እንጂ ክላይድ! ኳስ ሜዳ ነው፣ ጸሎት ቤት አይደለም!» አልኩት።

«አንተ ዝም ብለህ ጭንብልህን አጥልቅ!»

ኦርቪል አፉን ከፈተ፤ ከፈተና መልሶ ዘጋው። እሱም ወጉን ያውቃል። ለልጁ ራሱን ነቀነቀለት፤ ዌንደልም ነቀነቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በመጨረሻው ዙር ዌንደል በየውርወራው መሃል የሚያየው የእኔን ምልክት ሳይሆን አጥሩን ነበር። የመጨረሻው መቺ አየር መትቶ ወጣ። ሁላችንም ላዩ ላይ ተከመርን። ከሥር እየዳኸ ወጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው፦

«አባባስ?»

«ሄደ፤» አለው አንዱ። «ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶ።»

ዌንደል በማግስቱ አባቱ ዘንድ ሊሄድ አሰበ፤ ከዚያ በሳምንቱ፤ ከዚያ ደግሞ አባቱ ይጀምር ብሎ ጠበቀ። ኦርቪልም እንደዚያው ጠብቆ ይሆናል። የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል የሽማግሌው ልብ ቆመ።

በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እውነተኛ የቤዝቦል ሰው ነበር፤ ያን ቀን ዝም አለ እኮ!» እንዲህ ያለ ምስጋና ከስድብ በምን ይሻላል? ከአንዱ ጋር ልደባደብ ስል ሚስቴ ጎትታ አወጣችኝ።

አሁን ዌንደል አልፎ አልፎ ማታ ማታ እኔ ደጃፍ ቢራ ይዞ ይመጣል። ሌላው ሁሉ በዚያ ቀን ስለወረወራቸው ኳሶች ይጠይቀዋል፤ እሱ የሚያወራው ግን በስድስተኛው ዙር ስለመጣ አንድ ደካማ መቺ ነው።

«መሃል ለመሃል ነበር የወረወርኩለት፤» ይላል። «ያንን እንኳ ቢመታብኝ ምን ነበረበት? ዕድሉ ያኔውኑ ይሰበርና አባባ ሲመጣ ለማውራት የሚያስፈራን ነገር አይኖርም ነበር።»