ስልኩ የተኛበት ቅዳሜ

ቬልዳ ኦስትማን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ሴት ነበረች። ክፉ የሚላት የለም፣ ደግ የሚላትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር ድምጿ ከሌላው አይለይም፤ ለማኅበር ምግብ ሠርታ ስትመጣ ሳህኑ የማን እንደሆነ ሰው ይጠፋበታል። ባሏ ሂውበርት ከበቆሎና ከአሳማ ሌላ ወሬ የለውም፣ ልጆቻቸውም አግብተው ርቀዋል። እንግዲህ ዕድል መርጣ አትገባምና፣ በዚያ የነብራስካ ገጠር የመጀመሪያው ቴሌቪዥን የገባው እዚች ሴት ቤት ነው።

ከዚያ በፊት ቅዳሜ ማለት ሲኒማ ነበር። ገበሬው ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ ብራንት ክሪክ ከተማ ይገባል። ሴቶቹ ይሸምታሉ፣ ወንዶቹ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆመው ስለ ዝናብ ይጨቃጨቃሉ፣ ሲመሽ ሁሉም አቶ ደንፊ ሲኒማ ቤት ይታጨቃል። አቶ ደንፊ ታዲያ ስልክ ከተደወለላቸው ፊልሙ የቱንም ያህል ቢጥም ያቆሙታል። መብራቱን ቦግ አድርገው «ዶክተር! ይፈለጋሉ!» ብለው ይጮኻሉ። ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ ሐኪሙ ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ፣ ፊልሙ ካቆመበት ይቀጥላል። ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ግን የአቶ ደንፊ ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ፤ በሁለተኛው ዓመት በሩ ላይ ሳንቃ ተመታበት።

የቬልዳ ሳሎን ደግሞ ቅዳሜ ማታ መቆሚያ ታጣበት። የስድስት ቤት ሰው ከነልጁ ከነሽማግሌው የጫማውን ጭቃ በረንዳው ላይ እያራገፈ ይገባል። ሂውበርት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ከታች «ወደ ግራ! ግራ አልንህ እኮ! አበላሸኸው!» እያሉ ይጮኹበታል። ቬልዳ አንድ ሳፋ ሙሉ ፈንዲሻ ሠርታ መሐል ታስቀምጣለች። ልክ አንድ ሰዓት ላይ የፕሮግራሙ ዘፈን ይጀምርና አንድ ወፍራም ቀልደኛ እየተንገዳገደ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ራሷ ቬልዳ ናት። ሳቋ ከእሷ ይወጣል ብሎ ማንም ያልጠበቀው፣ ከፍ ያለና እንደ ዶሮ የሚያስካካ ሳቅ ነበር። ቀልዱ ብቻ አልነበረም የሚያስቃት፤ ሰው ቤቷ ስለመጣ ደስ ብሏት ነው።

የሚያውካቸው ስልኩ ነበር። በዚያ መንገድ ዳር ያሉት ስምንት ቤቶች የሚነጋገሩት በአንድ ሽቦ ነው። ለአንዱ ሲደወል በስምንቱም ቤት ይጮኻል፤ አንዱ ስልኩን ካነሳ ሌላው መደወል አይችልም፣ አንስቶ መስማት ብቻ ነው። ሰው መስማቱንስ መች ጠላው! ግን ቀልደኛው ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል ያ ስልክ ያንባርቅና ነገሩ ያመልጣቸዋል። በተለይ አቶ ቲልፎርድ የሚባሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው የደረሰ ጎረቤት፣ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ሰውን ያሰለቻሉ። ለእሳቸው ሲባል ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው ድምፁ የቻለውን ያህል ነው። ቬልዳ የስልኩን ነገር ሦስት ቅዳሜ ቻለችው። በአራተኛው ወጥ ቤት ገብታ እጀታውን ከመንጠቆው አነሳችና መደርደሪያው ላይ አጋድማ፣ የዕቃ መወልወያ ጨርቅ ጣል አደረገችበት።

«ኧረ ሰው ቢፈልገንስ?» አለ ሂውበርት።

«ማን ይፈልገናል? የሚደውለውም የሚደወልለትም ይኸው ተቀምጦ ፈንዲሻዬን እየጨረሰ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። አቶ ቲልፎርድ ከመቀመጣቸው በፊት «ቬልዳ፣ ስልኩን አስተኛሽው?» ይላሉ፤ እሷም «አስተኝቼ እሹሩሩም ብዬለታለሁ» ትላለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከስምንቱ ቤት የማይመጣው አንዱ ብቻ ነበር፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው የሃርኒሾች ቤት። ሊላንድ ሃርኒሽ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ናዲን ከእሱም ታንሳለች፣ አንድ የሚድህ ልጅ አላቸው። በኅዳር ሊላንድ በትራክተር መብራት በቆሎ ሲሰበስብ ያመሻል፣ እሷንም ልጁ አያስቀምጣትም። ቬልዳ ለእነሱ አላሰበችም። ክፋት አይደለም፣ ትዝ አላሏትም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ቀልደኛው ከመሰላል ወድቆ የቀለም ባልዲ ራሱ ላይ ደፋ። ቬልዳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘፈኑ አልቆ እንግዶቿ ወጡ፣ እሷም ሳፋውን አጥባ፣ እጇን አደራርቃ፣ የስልኩን እጀታ ቦታው መለሰች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሰባኪው ሚስት ነገረቻት። ሊላንድ ሞቷል። የበቆሎ መሰብሰቢያው ማሽን አገዳ ሲሰነቀርበት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በእጁ ሊመነጭቀው ሞከረ። እንደማይደረግ ሁሉም ገበሬ ያውቃል፣ ሁሉም ግን ያደርገዋል፤ አጥፍቶ ማስነሳት ጊዜ ይፈጃል። ማሽኑ እጁን እስከ ክርኑ ጎተተው። ናዲን ሮጣ ደርሳ ሞተሩን አጠፋች፣ ክንዱን በቀበቶ አሰረች፣ ደግፋም ወጥ ቤት አስገባችው። ደሙ አልቆም አለ። እሷ መኪና መንዳት አታውቅም። ቅርብ ወዳለው ወደ አቶ ቲልፎርድ ቤት ብትሮጥ ድርግም ያለ ጨለማ፣ አልፋ ብትሮጥ ሌላውም ቤት ጨለማ። ተመልሳ ስልኩ ላይ ተንጠለጠለች።

«አንድ ሰዓት ሙሉ እምቢ አላት» አለች የሰባኪው ሚስት። «ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው የተከፈተላት። ዶክተሩ ሲደርሱ አልቆ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢጠሩኝ አተርፈው ነበር አሉ።»

ቬልዳ የደጃፉን መደገፊያ ብረት ያዘች። ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ቀስ ብላ ዞር ዞር አለች። ቅዳሜ ማታ ሳሎኗ የነበረው ሰው ሁሉ እዚያው አለ። አንድም ዓይኗን ያየ የለም፤ እያንዳንዱ የመዝሙር መጽሐፉ ላይ አቀርቅሮ አይቶት እንደማያውቅ ያነብባል። ያን ጊዜ የምታውቀው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ገባት። አቶ ቲልፎርድ ብቻ ምንም ሳይገባቸው ድምፅ አውጥተው ያለቅሱ ነበር።

ቤት እንደገቡ ሂውበርትን ያዘችው።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«ታውቀዋለህ።»

ሂውበርት ከረባቱን ሲፈታ ቆየ። «ሽቦው ላይ በረዶ ነበር። በረዶ ስልክ ይቆርጣል። በቃ።»

«ትላንት በረዶ አልነበረም።»

«ነበር አልኩሽ እኮ! ደግሞ ብትናገሪ ሊላንድ ይነሳል? እኛን ማን ያኖረናል እዚህ አገር?»

ሰኞ የስልክ ሠራተኛ መጥቶ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ወጣባቸው። መስመሩ እንከን እንደሌለው ተናግሮ፣ «ምናልባት በረዶ ይሆናል» ብሎ ሄደ። አገሩም ይህችን ቃል እፎይ ብሎ ተቀበላት። በሁለት ቀን ውስጥ የቅዳሜውን በረዶ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው በዛ።

ማክሰኞ ቀብሩ ነበር። ቬልዳ በክሬም የተጋገረ ድንችና የአሳማ ሥጋ ይዛ ስትሄድ፣ ዛሬ ሳልነግራት አልመለስም ብላ ምላ ነበር። ናዲን ግን ስታያት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ወደ ጓዳም ሳበቻት።

«ወይዘሮ ኦስትማን፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ለማንም አልተናገርኩም፣ አበደች እንዳይሉኝ። ስልኩ ዝም አላለም ነበር። ዘፈን ነበረው። ደግሞ ሰው ይስቃል። እኔ ባሌ እየሞተብኝ ነው ብዬ እጮኻለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ምንድን ነው እሱ? ሰይጣን ነው?»

የመናገሪያው ሰዓት ይህ ነበር። ቬልዳ አፏን ከፈተች፣ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«በረዶ ነው፣ ልጄ» አለች። «በረዶ ሽቦ ላይ ሲረጋ የሬዲዮ ድምፅ ይስባል ይላሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ናዲን፣ እጇንም ሳመቻት።

ሐሙስ ዕለት ሰባቱ ቤቶች ሰባት ማሽን አምጥተው የሟቹን በቆሎ ሰበሰቡለት። የአገሩ ደንብ ነው፣ ሰው ከሞተ እርሻው ሜዳ ላይ አይቀርም። የዚያን ዕለት ግን ከደንቡም አለፈ። ማንም ለምሳ በወጉ አልተቀመጠም፣ ማንም አልቀለደም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ባዶ ሆነ፣ የወደቀ የበቆሎ ራስ እንኳ ተለቅሞ ገባ። ሰው በአፉ ከሚከፍል በጉልበቱ መክፈል ይቀለዋል።

ቅዳሜ ሲደርስ ቬልዳ ዛሬስ ሰው አልቀበልም አለች። ሂውበርት ግን «ቤት ከዘጋሽ ራስሽን ከሰስሽ» አላት። ሰዉም መጣ። ምናልባት እያንዳንዱ፣ እኔ ብቀር ምን ይሉኛል ብሎ ነው የመጣው። ቬልዳ ስልኩን አልነካችውም፤ ወደ ስልኩ ለማየትም ፈርታለች። ፈንዲሻውም እንደተሞላ ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቶ ቲልፎርድ በሩን ከፍተው ገቡ። ከኋላቸው ናዲን ነበረች፣ የተኛ ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ።

«ከግድግዳ ጋር ተፋጣ ከምታመሽ ብዬ ይዣት መጣሁ» አሉ ሽማግሌው። «እስቲ ቦታ ልቀቁላት!»

አራት ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳላት። ናዲን ከፊት ካለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሂውበርት ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ እስኪሞቅ ድረስ ሁሉም የጨለመውን መስታወት ማየት ጀመረ። አቶ ቲልፎርድ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወገባቸውን ይዘው ሊቀመጡ ሲሉ፣ አንደበታቸው የለመደውን አወጣ።

«ቬልዳ፣ ስልኩን አስተኛሽው?»

ማንም አልሳቀም። አቶ ቲልፎርድ ሰው ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስልኩን አስተኛሽው ወይ ነው የምለው!»

«ምን ማለታቸው ነው?» አለች ናዲን።

«ተያቸው እባክሽ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልድ ነው» አለ ሂውበርት።

በዚህ መሐል ቴሌቪዥኑ ሞቀና ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ናዲን ቀና አለች። ለጥቂት ጊዜ ጆሮዋን ብቻ ሰጥታ ሰማች።

«ይሄን ዘፈን አውቀዋለሁ» አለች።

ከኋላ አንዲት ሴት «በረዶ ሲሆን እኮ ሽቦው...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ቀረች። ቬልዳ ዙሪያዋን አየች። ባለፈው እሑድ ዓይናቸውን የነፈጓት ሰዎች አሁን ሁሉም እሷን ያያሉ፤ ይለምኗታል። አንዲት ቃል ብትደግም፣ በረዶ ነው ብትል፣ ሁሉም አዎ ሊሉ ተዘጋጅተዋል። በሃምሳ ዓመቷ ይህን ያህል ሰው እሷን ፈልጎ አያውቅም።

ቬልዳ ተነስታ ቆመች።

«በረዶ አልነበረም፣ ናዲን። እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን እያነሳሁ አስቀምጠዋለሁ፣ ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥብን። ዋሸሁሽ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

አቶ ቲልፎርድ «ምን አለች? ምን አለች?» አሉ። የሰውን ፊት አይተው ግን ራሳቸው ገባቸውና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

ናዲን አልጮኸችም። ልጁን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው።

«ሳቁ የማውቀው መስሎኝ ነበር» አለች። «ስምሽን ጠራሁ። ወይዘሮ ኦስትማን፣ ወይዘሮ ኦስትማን እያልኩ ስንቴ ጮህኩ! ሊላንድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ‹ማን ነው የሚስቀው?› አለኝ። ማንም አይደለም አልኩት።»

ሂውበርት ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ተንደረደረ።

«አትንካው!» አለች ናዲን። «ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይወጣ። እኔ ይሄንን እስከ መጨረሻው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በዓይኔ ልየው። ምን እንዳሳቃችሁ ልይ።»

ቬልዳ ተመልሳ ተቀመጠች። ወፍራሙ ቀልደኛ እየተንገዳገደ ብቅ አለ። የሚስቱን ባርኔጣ በስህተት አደረገ፣ ከበር ጋር ተጋጨ፣ ወንበሩን ስቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሳቅ አውካኩ። ሳሎኑ ውስጥ ግን የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም። ናዲን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ አንድ ነገር እንዳያመልጣት የምትፈራ ይመስል፣ ትክ ብላ ታያለች።

«ይሄ ነው?» አለች።

ዞራ ቬልዳን አየቻት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አለች ቬልዳ።