የትብለፅ ፔርሙዝ

ምሳ ዕቃው ግማሹ ሳይበላ ተመለሰ። ትብለፅ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ጠረቀመችው።

በ1970 ዓ.ም. ወልድያ ውስጥ ባሏ የታሰረባት ሴት ሁሉ የባሏን ወሬ የምትሰማው ከምሳ ዕቃ ነበር። ባዶውን ከመጣ ሰውየው ደኅና ነው። ጨርሶ ካልመጣ፣ እሱን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ግማሹ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ግን ትብለፅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሓድጉ ተስፋ እየቆረጠ ነው።

ሓድጉን የወሰዱት በመስከረም፣ ከሱቁ ነበር። "በርበሬ ደብቀሃል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርተሃል" አሉት። የተደበቀ የተባለው በርበሬ ከነጆንያው ሱቁ በራፍ ላይ ተገትሮ ገበያተኛው ሁሉ ያየው ነበር። በመሣሪያ እየነዱ ሲያወጡት ዞር ብሎ የጮኸው ስለ ሱቁ አልነበረም፣ ስለ ሚስቱም አልነበረም። "ትብለፅ፣ ዓሦቹን አደራ!" አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ የሠራችለት ሴት ያን ስትሰማ ምን እንዳለች ጎረቤቷ ወርቅዬ ሰምታለች፤ እዚህ አይደገምም።

ዓሦቹን የገዛው ከአስመራ ለቀው ሲሄዱ ዕቃቸውን ከሸጡ ፈረንጆች ነው። የመስታወት ገንዳ ነው፤ ከሥሩ አሸዋ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለው። ጢማሞቹ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲጭሩ ይውላሉ፤ ቀያዮቹ ሲራወጡ ያመሻሉ። ከሁሉ የሚልቁት ግን ሁለቱ ጠፍጣፎች ነበሩ፤ ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር ወርዶባቸው፣ ክንፋቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንዘርፍፎ፣ በዝግታ ነው የሚንሳፈፉት። ሻጩ የዓሦቹ ስም "መልአክ" ማለት ነው ብሎት ስለነበር ሓድጉም "መላእክቶቼ" ይላቸው ነበር።

"መልአክ በመስታወት ታስሮ አይቀመጥም! አፍህን ሰብስብ!" ትለዋለች ትብለፅ እያማተበች።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። መላእክቱ ግን በየጊዜው የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ እንቁላሎች ሰፊ ቅጠል ላይ ይደረድሩና ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቃሉ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም በአንድ ገንዳ የሚኖሩ ናቸውና ጢማሞቹ በጨለማ መጥተው ይለቅሙታል፤ የተረፈውን ደግሞ ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታል። ሓድጉ በየዓመቱ "አንዲት ጫጩት ብቻ ብታድግልኝ" ይል ነበር። በየዓመቱም ባዶ ቅጠል ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

እና በኅዳር፣ ገበየሁ የሚባል አብሮት ታስሮ የነበረ ልብስ ሰፊ ተፈታና ሊጠይቃት መጣ።

"ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው" አላት። "ዓሦቹ ደኅና ናቸው ብለሽ የላክሽበትን ዘበኛው ነግሮታል። አላመነም። 'ልታጽናናኝ ነው፤ እሷ ዓሣ መች ትወዳለች፤ ይኼኔ አልቀዋል፤ ቤቴም አብሮ አልቋል' ነው የሚለው።"

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። ትብለፅ ግን ተናደደች።

"አልቀዋል? እኔ ይዤያቸው? እሺ፣ በዓይኑ ያያል!"

እንዴት አድርጎ? ትልቁ መልአክ መዳፍ ያክላል፣ ከዘበኛ ዓይን አይሸሸግም፤ ከጢማሞቹ አንዱን ብትሰድ ደግሞ ሓድጉን ከዚያ ግድግዳ አያዞረውም። የሚያዞረው ስንት ዓመት የጓጓላት ጫጩት ብቻ ናት። ስለዚህ ጫጩት ታሳድጋለች፤ እሱን ያቃተውን እሷ ታደርገዋለች። ይህን ስትወስን ስለ ዓሣ የምታውቀው ነገር ቢኖር ባሏ ገንዳው ፊት ተቀምጦ ሲያወራ የሰማችው ብቻ ነበር። በወቅቱ የማትሰማ መስላ ነበር የምትሰማው።

እንቁላል የተደረደረበትን ቅጠል ቆርጣ ለብቻው ሳፋ ውስጥ ከተተችው፤ ሳፋውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ውሃውን በዶሮ ላባ ቀስ እያለች ታናውጥ ጀመር። ተፈለፈሉ! ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ብናኝ ነገሮች ሆነው ሳፋውን ሞሉት። ችግሩ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። ሓድጉ "ጫጩት የሚያድገው በእንቁላል አስኳል ነው" ሲል ሰምታዋለች፤ ግን በትብለፅ ቤት በጾም ወራት እንቁላል ደጃፉን አይረግጥም። ሹሮ ዱቄት በተነችላቸው። ውሃው ሸተተ፤ ጫጩቶቹ በሙሉ ከሥር ተነጠፉ።

ያኔ አለቀሰች። ሳፋውን ደፍታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

"አባ፣ ዓሣ ይጾማል እንዴ?"

"ልጄ፣ ጾም ለተጠመቀ ነው።"

"ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው እኮ፣ አባ!"

"ማን አጠመቀው?" አሉና መስቀላቸውን አሳልመው ሸኟት።

ሁለተኛው እንቁላል የተደረደረው ታኅሣሥ ሲገባ ነው። የወልድያ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ትብለፅም ሁለተኛ ጊዜ ልትሸነፍ አልፈለገችም። የሓድጉ እኅት ብርኽቲ ቆላ ናት፣ መርሳ። ትብለፅ የምሳ ዕቃውን ነገር ለወርቅዬ አደራ ሰጠች፤ ቅጠሉን ጠቅልላ ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ አስገባች፤ ፔርሙዙን ታቅፋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሲሪንቃ ሲደርሱ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አላስችል አለው።

"እትዬ፣ ሻይ ካለሽ እስቲ ጉሮሮዬን..."

"ሻይ አይደለም። ልጆች ናቸው።"

ሰውዬው ተነሥቶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

ብርኽቲ መጀመሪያ ከመስኖው ቦይ አረንጓዴ ውሃ እየቀዳች፣ ጠንከር ሲሉ ደግሞ የተቀቀለ አስኳል በሻሽ እየጨመቀች አበላቻቸው። ማጉረምረሟን ግን አልተወችም። "እኔ በሹሮ እየጾምኩ የእናንተ ዓሣ በእንቁላል ይገድፋል! ወንድሜ ሲፈታ ኩነኔውን ተካፈለኝ እለዋለሁ" ትላለች። ትብለፅ በመርሳ ገበያ ቀን እየወረደች የሞቱትን ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀይራለች፣ ትመለሳለች። ወልድያ ላይ ምሳ ዕቃው ሩቡ ብቻ ተበልቶ ይመለስ ጀመር። ከገና በኋላ ደግሞ እንጀራው ጥግ ጥጉ ተቆንጥሮ ብቻ መጣ። ጫጩቶቹም እየሳሱ ሄደው በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። ከእነሱ ውስጥ አንዷ የአውራ ጣት ጥፍር አከለች፤ መስመሩም ወጣላት፤ ዘርፉም ተንዘረፈፈ። ትብለፅ ከዚህ ወዲያ መጠበቅ አልቻለችም፤ ይዛት ወደ ወልድያ ወጣች።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ በምሳ ዕቃ፣ ጫጩቷን በፔርሙዝ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ተረኛው ዘበኛ ይስማው የሚባለው ነበር፤ የሐብሩ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ደንብ አይስትም። ደንቡ ደግሞ ምግብ ያመጣ ሰው ራሱ ቀምሶ ያስገባል የሚል ነው።

ወጡን ቀመሰች።

"ይኼስ? ሻይ ነው?"

"ውሃ ነው።"

"ውሃ በፔርሙዝ?"

"ለብ ያለ ነው። ሆዱን አሞታል፤ የቤቱ ውሃ ነው የሚስማማው።"

"ቅመሺዋ።"

ክዳኑ ላይ ብትቀዳ ጫጩቷ አብራ ዱብ ትላለች። "አልቀምስም" ብትል ፔርሙዙ ከበር ይመለሳል። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች እያጉረመረሙ ነው። ትብለፅ በልቧ አማተበችና የፔርሙዙን አፍ ከአፏ ገጠመች፤ ጥርሷን ነክሳ በጥርሷ መሐል ሳበች። የቅጠልና የአሸዋ ጣዕም አፏን ሞላው። አንዲት ለስላሳ ነገር ከንፈሯን ነካ አድርጋ ተመለሰች። ዋጠች፤ ውሃውን ብቻ።

"እሰይ" አለች አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "በል ቀስ አድርገህ ያዝልኝ። በጣሳ ቀድቶ ይጠጣው በለው። በጨለማ እንዳይጠጣው፣ ብርሃን ባለበት በለው!"

"ውሃ ለመጠጣት ደሞ ብርሃን ምን ይሠራል?" አለ ይስማው። ይዞት ግን ገባ።

ትብለፅ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ጫጩቷን ሳያይ ቢውጣትስ? ዘበኛው ቢከፍተውስ? ዶሮዋን ሌላ እስረኛ ቢበላትስ? ሌሎቹ ሴቶች ዕቃቸውን ተቀብለው ተበተኑ። እሷ ብቻ ቀረች፤ ሊያስነሷት ቢመጡ ላለመነሣት ቆርጣ ነበር።

ይስማው መጨረሻ ላይ ወጣ። ምሳ ዕቃውን ሲያቀብላት እጇ ላይ ቀለላት። ክዳኑን ከፈተችው። አጥንቱ ተግጧል። እንጀራው የለም። እንቁላሉ የለም። ሳህኑ በእንጀራ ተጠርጎ ያብረቀርቃል።

"ምን አጠጣሽው?" አለ ይስማው ግራ ገብቶት። "ጥግ ተቀምጦ ጣሳ ውስጥ እያየ ይስቃል። እስረኛው ሁሉ ተሰብስቦ..."

ፔርሙዙን ከእጁ ነጠቀችው። ፔርሙዙ ከነውሃው ነው የተመለሰላት፤ ከበዳት፤ ታቅፋው ወደ ቤቷ ሄደች ከማለት ሮጠች ማለት ይቀላል።

ነጭ ጎድጓዳ ሳህን አውጥታ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ጫጩቷ ከውሃው ጋር ወጣች፤ ዞር ዞር አለች፤ ሆዷ ክብ ብሎ ተነፍቷል። ከእሷም ጋር ጥቃቅን ቢጫ ፍርፋሪ ወጥቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ትብለፅ በጣቷ ጫፍ አንሥታ አየችው። አስኳል ነው። በርበሬው አንድም ሳይቀር ታጥቦ፣ ለጫጩት አፍ እንዲሆን ተፈርፍሯል።

ሓድጉ እንቁላሉን ለብቻው አልበላውም።

እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱንም አልከለከለችም። ከዚያ ተነሥታ ምድጃው ላይ ድስት ጣደችና ለነገ ሁለት እንቁላል ከተተችበት።