ስለ ጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ

«ማን ጠየቀህ ታዲያ፣ አባዬ? እስቲ ማን ጠየቀህ?» አለች ልጅ፣ የሥራ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ።

ሽማግሌው አባቷ ስልኩን ዘረጉላት። «ይኸው፣ ‹ምን አዲስ ነገር አለ?› ይላል። ጠዋት ይጠይቀኛል፣ ማታ ይጠይቀኛል። ዝም ብዬ ባልፈው ባልፈው ነውር መሰለኝ።»

«እሱ እኮ ሁሉንም ሰው ነው የሚጠይቀው።»

«ሁሉም ይመልስለት የለ እንዴ? እኔ ብቻ አፌን ልዝጋ?»

ባሏ ሶፋው ላይ ሆኖ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ገረመመችው፤ አቀረቀረ።

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን የከፈተችላቸው ራሷ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው፤ «ዕድሜህን ሙሉ የሰው ወንበር ስታድስ ኖርክ፤ አሁን እጅህ ይረፍ» ብላም የሥራ ከረጢታቸውን አልጋ ሥር ከተተችባቸው። ቀኑ እንዳይረዝምባቸው ደግሞ ስልክ አስጨበጠቻቸው። አጭር ጽሑፍ እንዴት እንደሚለጠፍ ቶሎ ገባቸው። ሰው መከተሉን ግን፣ «ሳላስፈቅድ ከሰው ኋላ አልሄድም» ብለው እምቢ አሉ።

የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጮክ ብለው አነበቡላት፦

«ስለ ጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አዲስ ነገር የለም። ልጄ እንደ እንቁላል ይዛኛለች። ወንበር ሳድስ ኖሬ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። እናንተስ?»

«ያሰርኩህ አስመሰልከኝ» አለች። «ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም አላጎደልሽም፣ የኔ እናት።»

እውነታቸውን ነበር። ሥራ ናፈቀኝ ቢሏት፣ ደክማ የሰጠቻቸውን ዕረፍት ፊቷ ላይ መልሶ መወርወር ይሆንባቸዋል። እሷም ስልኩን ወሰደችው።

«አሁኑኑ ይጥፋ።»

«ብታጠፊው ይብሳል» አለ ባሏ፣ ተነሥቶ አጠገቧ እየቆመ። «ስንቱ መልሶበታል መሰለሽ።»

«ማጥፊያው የቱ ነው?»

«እሱን አይደለም። ቆይ፣ አምጪው።» መልሶቹን እየዘለለ ማንበብ ጀመረ። «‹ዕድሜ ይስጥዎ›… ‹አባቴን አስታወሱኝ›… ይቺ ደግሞ የማዕዘኗ ዳቦ ሻጭ ናት። ‹አባባ፣ ፎቶዎን አይቼ አወቅሁዎት። የእናቴ ወንበር የመቀመጫው ሞላ ወጥቶ የሚያድስልኝ አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሲገዙ ሙያዎን መች ነገሩኝ? ሱቅ ነኝ፣ አልዘጋሁም።›»

«እሱን ተወውና ማጥፊያውን ፈልግ።»

አባት ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ጎንበስ አሉና ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ሳቡ። ወስፌው አልዛገም። ሲባጎውን በጣታቸው ወጠር አድርገው ሞከሩት። መዶሻው እንዳይንኳኳ በፎጣ ጠቀለሉት።

ሳሎን ውስጥ ባልና ሚስት ራስ ለራስ ገጥመው ስልኩ ላይ አቀርቅረዋል።

«አንተ፣ ይባስ ብለህ አሠራጨኸው እኮ።»

«እኔ? ያንቺ ጣት ነው።»

«የኔ ጣት እዚህ ነው ያለው።»

አባት ከረጢታቸውን አንግተው ከኋላቸው አለፉ። ጫማቸውን በሩ ሥር አደረጉ፤ እጀታውን እስኪያልቅ ተጭነው ወጡና ቀስ ብለው ዘጉት።

«በቃ አትንካው» አለች ልጅ። «አንተ ስትነካው ነው የሚብሰው።»