ስሙ የተቆረጠው ብር

ባስሚና ጉዱን ያየችው የሠርጓ ከበሮና ተኩስ ካበቃ በኋላ፣ በአማቷ ቤት ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው መሸፈኛዋን ሲገልጡላት ነው። አንገቷን እንደ ደፋች ዓይኗ ደረቷ ላይ አረፈ። ቀሚሷ ላይ ከተሰፉት የብር ሩፒ ሳንቲሞች መሃል፣ ከሁሉም የሚተልቀው ሩፒ አልነበረም። የአባቷ የዘመቻ ሜዳይ ነበር።

እናቷ ምን ታድርግ፤ ለእሷ ብር ብር ነው። ሩፒው ላይ ያለችው የእንግሊዝ ንግሥት ሜዳዩም ላይ ዘውዷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከባሏ ሣጥን ሥር ብታገኘው ትልቅ ሩፒ መሰላትና፣ ለአንድ ልጇ ጌጥ ይሁን ብላ የንግሥቲቱን ፊት ወደ ውጭ አድርጋ ሰፋችው። እንዲህ ያለ ደግነት ነው ቤት የሚያፈርሰው።

የባሏ አገር የቲራህ ሰው የሰርካር ጦር፣ የእንግሊዞቹ ማለት ነው፣ የመጣበትን ዘመን አልረሳም። ጦሩ ግንቡን በባሩድ ንዶ፣ ጎተራውን ከነእህሉ አንድዶ ሄደ። የአማቷ የዘርሸታ ባል የገዛ ደጁ ላይ ተገደለ፤ ደሙም እስካሁን አልተመለሰም። የባስሚና አባት ሰርበለንድ በዚያ ጦር ውስጥ ነበር። ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቁት «ያኔ ጨው ስነግድ ነበር» አላቸው፤ ለእሷ ግን «ሆድ ይፍጀው፤ ካወቁ አንገቴን ነው የሚሉኝ» ብሎ አስማላት።

ሴቶቹ ሙሽራ ሊያዩ ከበቧት። የባሏ እህት ሽንካይ፣ አፏ የማያርፍ፣ ሩፒዎቹን በጣቷ እያንኳኳች ሳቀች።

«እዩልኝማ! ይህን ሁሉ ብር ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ፣ እኔን ያሳዘነችኝ በቅሎዋ ናት!»

ባስሚና ሜዳዩን በመዳፏ ሸፈነች።

«ኧረ እጅሽን አንሺ፣ አንበላብሽም!» አለች ሽንካይ።

«ተዉአት፤ ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች» አለች ዘርሸታ። «ውጡልኝ፣ ቀሚሷን ላላላላት።»

ሴቶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ዘርሸታ በሩን ዘጋች፤ ከሙሽራዋ ፊት ቁጭ ብላ እጇን ፈልቅቃ ሜዳዩን ገለበጠችው። በጀርባው ሁለት ወታደሮች አንድ ባንዲራ ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ ፈረንጅ ነው፣ ሌላው ጥምጥም የጠመጠመ ያገር ሰው።

«ከሁለቱ አባትሽ የትኛው ነው?»

«እማማ፣ እሱ… ከገበያ የገዛው ነው።»

«አትሸንግዪኝ፣ ልጄ። የኛም ወንዶች በሌላ አገር ዘመቻ ለሰርካር አድረዋል፤ ይህን ብር በየቤቱ አውቀዋለሁ። ማንበብ አልችልም፤ ግን አናቱ ላይ የዘመተበት አገር ስም ያለበት ብረት አለው። የዚህ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበትም ጠቁሯል፤ እናትሽ ለሠርግሽ ብላ የቆረጠችው አይደለም። ሰው የሚኮራበትን ስም አይቆርጥም። የት ነበር የዘመተው?»

ሌላ አገር ልትጠራ አሰበች፤ ተወችው። ከውጭ የባሏ የሚርባዝ ሳቅ ይሰማል፤ ወንዶቹ ሁሉ ጠመንጃ ይዘዋል። መሸፈኛዋን ከራሷ አውልቃ አማቷ እግር ሥር ጣለችው። በአገሩ ልማድ የሴት መሸፈኛ እግር ሥር ሲወድቅ ደም ይቆማል፤ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ጠላቱ ቤት ገብቶ «ነናዋቴ» ብሎ ምሕረት ከለመነ አይነካም።

«ነናዋቴ!» አለች። «ቤትዎ ገብቻለሁ፤ አባቴን ይማሩልኝ!»

ዘርሸታ መሸፈኛውን አነሳች፤ አራገፈችና መልሳ አከናነበቻት።

«ይህ የባዕድ ነው። ባዕድ ነው ገብቶ የሚለምን። አንቺ ግን ደጄን ስትረግጪ የዚህ ቤት ሰው ሆነሻል። የሚርባዝ አባት ያንቺም አባት ነው፤ ደሙም ያንቺ ደም ነው። ሰው የገዛ ቤቱን ነናዋቴ ይላል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለሚርባዝ አልነግረውም። ገድሎ እንዲገደልብኝ አልፈልግም። ያ ሰው ግን ቂጣዬን አይቆርስም። ሳምንትሽ ሲሞላ ሊጠይቅሽ ይመጣል፤ አንቺው ትመልሺዋለሽ፣ ዳግመኛ በማይመጣበት አፍ። ደጄን አልፎ ከገባ እኔም አፌን አልይዝም።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ሜዳዩን በመቀነቷ ቋጥራ ወጣች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳምንቱ ሞላና ሰርበለንድ ጨውና ጥቁር ስኳር በበቅሎ ጭኖ ብቅ አለ፤ ገና ከሩቁ «ባስሚና! አባትሽ መጣ!» እያለ ይጣራል። ሚርባዝ ደስ ብሎት ከተቀመጠበት ተነሳ።

«አማቼ ናቸው! በሩን ክፈቱ!»

ባስሚና ባሏን ቀድማ ሮጠች፤ ሙሽራ እንዲህ ስትሮጥ ያየ የለም። መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷን ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትል ነው ያደገችው።

«ማነህ አንተ?» አለች።

«ኧረ እኔ ነኝ፣ አባትሽ!» ሰርበለንድ ሳቀ። «ባል አገኘሁ ብለሽ ረሳሽኝ?»

«እዚህ ቤት ልጅ የለህም። በቅሎህን ይዘህ ጥፋ! ሁለተኛ ብትመጣ ውሻ ነው የምለቅብህ!»

«አብደሻል እንዴ?» ሚርባዝ ክንዷን ጎተተ። አልለቀቀችም።

በውጭ በኩል ጭነቱ ሲራገፍ፣ ጨውና ስኳሩ ከበሩ ሥር ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ የበቅሎዋ ኮቴ ቁልቁል ወረደ። ገብቶት ይሁን ተቀይሞ፣ ባስሚና እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ አላወቀችም። ፊቷን እንጨቱ ላይ ለጥፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«ይህቺ ምን ዓይነት ልጅ ናት?» አለ ሚርባዝ ወደ እናቱ ዞሮ።

«የኛ ልጅ ናት» አለች ዘርሸታ።